የመለያየት ግድግዳ በደጅም በቤትም ይፍረስ

ሰውን ከሰው የሚለይ ግድግዳ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው በሕግና በድንጋይ የተሠራ ስለ ሆነ ከሩቅ ይታያል፤ ሁለተኛው ግን በልማድና በንቀት የተሠራ ስለ ሆነ በውስጡ ተደላድሎ ለሚኖረው ሰው አይታየውም። የፊተኛውን ለማፍረስ የሚነሣውን ሰው ዓለም ያመሰግነዋል፤ የኋለኛውን ለማፍረስ የሚነሣውን ግን ሹም ይጠረጥረዋል፥ ወዳጁም ይሸሸዋል፥ የገዛ ወገኑም ሰላም አደፍራሽ ይለዋል። ስለዚህ ሁለቱም ድፍረት የሚያስመሰግን ሲሆን የኋለኛው ብርቅ ነው። ለዚህ ነገር የአርሲ ደጋ ምስክር ሊሆን ይችላል።

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወጣው መንገድ ዴራን ካለፈ በኋላ ኢተያ ከምትባለው ከተማ ይደርሳል። ምድሩ የስንዴና የገብስ አገር ነው፤ በላዩም የጭላሎ ተራራ ቆሞ ይታያል። በ1958 ዓ.ም. የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር በዚህች ከተማ ሕዝብ ሰብስቦ ጉባኤ አደረገ። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1955 ዓ.ም. ሲሆን ዐላማው የገበሬውን ገንዘብ በማስተባበር ትምህርት ቤት፥ የሕክምና ቤት፥ መንገድ፥ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ማሠራት ነበረ። መሥራቾቹ እነ ኮሎኔል አለሙ ቂጤሳና የሕግ ዐዋቂው አቶ ኃይለ ማርያም ገመዳ ነበሩ፤ ከአርሲም እንደ ሐጂ ሮባሌ ቱሬ ያሉ የታወቁ ሰዎች ገቡበት። ከሁሉ ይልቅ ግን የማኅበሩ ስም ከብርጋዴር ጄኔራል ታደሰ ብሩ ስም ጋር ተያይዞ ይነሣል።

እኒህ ሰው በሰላሌ የተወለዱ፥ በክብር ዘበኛና በፖሊስ ያገለገሉ፥ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ አዛዥ የነበሩ ናቸው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በተደረገ ጊዜ ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን ቆመው ሙከራውን ካከሸፉት መካከል ነበሩ። መሃይምነትን ለማጥፋት በተደረገውም ዘመቻ ከመሪዎቹ አንዱ ነበሩ። ማዕርግ ነበራቸው፥ ደመወዝ ነበራቸው፥ የንጉሡም አመኔታ ነበራቸው። እንዲህ ያለ ሰው ዝም ቢል የሚወቅሰው የለም፤ ቢናገር ግን የሚያጣው ብዙ ነው።

በነጭና በጥቁር መካከል ስለ ቆመው ግድግዳ ጄኔራሉ የሚያውቁት በወሬ ብቻ አልነበረም። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ከደቡብ አፍሪካ በስውር ወጥተው ወደ አዲስ አበባ መጡ። በአገራቸው ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ ሥልጣን የያዘው መንግሥት ሰውን በቆዳው ቀለም እየለየ፥ ጥቁሩ የሚኖርበትን ሰፈር፥ የሚማርበትን ትምህርት ቤት፥ የሚቀመጥበትንም ወንበር በሕግ ወስኖበት ነበር። በመጋቢት 12 ቀን 1952 ዓ.ም. በሻርፕቪል የይለፍ ወረቀት ሕግን በመቃወም በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ፖሊስ ተኩሶ 69 ሰዎች ገደለ። ከዚያም ወዲህ በልመናና በሰልፍ ብቻ ነጻነት እንደማይገኝ የተረዱት ሰዎች የጦር ትምህርት ፈለጉ። ማንዴላ ትምህርቱን ያገኙት ኮልፌ ባለው በፈጥኖ ደራሽ ሰፈር ነው፤ የጦር ስልትም ካስተማሯቸው ሰዎች አንዱ በዚያን ጊዜ ኮሎኔል የነበሩት ታደሰ ብሩ ነበሩ። ለስድስት ወር የታሰበው ትምህርት ሳይፈጸም ማንዴላ ወደ አገራቸው በተጠሩ ጊዜ፥ ኮሎኔሉ አንድ ሽጉጥና ሁለት መቶ ጥይት በስጦታ ሰጥተው እንደ ሸኟቸው ማንዴላ ራሳቸው በሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል። ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዙ፤ ከዚያም በኋላ 27 ዓመት ታስረው ኖሩ።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ሌላ የሚያስተምር ነገር አለ። ማንዴላ ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ በኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በተሳፈሩ ጊዜ ነጂው ጥቁር መሆኑን አዩ፤ ጥቁር ሰው አውሮፕላን ሲነዳም ከዚያ በፊት አይተው ስለማያውቁ ለጥቂት ጊዜ ደነገጡ። ወዲያውም ድንጋጤያቸውን መርምረው አፈሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የታገሉት የንቀት ትምህርት በገዛ ልባቸው ውስጥ ሥር እንደ ሰደደ ተረዱ። እንግዲህ እንደ ማንዴላ ያለ ሰው ይህ ከደረሰበት፥ ማንም ሰው «በእኔ ልብ ውስጥ ግድግዳ የለም» ብሎ ሊመካ አይገባውም። ግድግዳው በሹሙም በካህኑም በባለርስቱም ልብ ውስጥ ሳይታወቅ ሊሠራ ይችላል።

ኢትዮጵያ የዘርን መለያየት ክፋት ቀድማ ቀምሳዋለች። በጠላት ወረራ ዘመን፥ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የኢጣልያ መንግሥት ባወጣው አዋጅ፥ ኢጣልያዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ሆኖ ቢኖር ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ተደነገገ። በ1931 ዓ.ም. ደግሞ የነጩን ዘር ክብር ያዋርዳል የተባለውን ሥራ ሁሉ የሚቀጣ ሌላ ሕግ ተጨመረ። በአዲስ አበባም የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ እንዲሄድ የተደረገው ፈረንጁና ሐበሻው ሰፈራቸው እንዲለይ በታሰበው ፕላን ነው። ይህን የቀመሰ ሕዝብ የሌላውን ሕመም ቢያውቅ አያስደንቅም።

ስለዚህም ኢትዮጵያ ከላይቤሪያ ጋር ሆና ጥቅምት 25 ቀን 1953 ዓ.ም. በሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ደቡብ አፍሪካን ከሰሰች። የክሱ ነገር፥ ደቡብ አፍሪካ ዛሬ ናሚቢያ በምትባለው በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ላይ የተሰጣትን ሞግዚትነት የዘር መለያየት ሥርዐት ማካሄጃ አድርጋዋለች የሚል ነበር። ሐምሌ 11 ቀን 1958 ዓ.ም. ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ስለ ተከፈሉ በፕሬዚዳንቱ ድምፅ ተወሰነ፤ ውሳኔውም ከሳሾቹ በነገሩ የራሳቸው መብት እንዳላቸው አላስረዱም የሚል ሆነ። ክሱ ቢወድቅም ለተበደለው ጠበቃ መሆን ለኢትዮጵያ ክብር ነው፤ ይህም ክብር ሊነሣባት አይገባም።

ነገር ግን የሄግ ፍርድና የኢተያ ጉባኤ በአንድ ዓመት ውስጥ መዋላቸውን ማስተዋል ይገባል። የኢትዮጵያ ጠበቆች በውጭ አገር ስለ ሰው እኩልነት በሚከራከሩበት በዚያው ዓመት፥ በአርሲ ደጋ የሚኖረው ጭሰኛ ምን ሁኔታ ላይ ነበረ? አርሲ በ1878 ዓ.ም. በጦርነት ከተያዘ በኋላ መሬቱ በቀላድ እየተለካ ለወታደር፥ ለመኳንንትና ለቤተ ክህነት ተሰጠ፤ በአባቶቹ ምድር ላይ የሚኖረውም ገበሬ ጭሰኛ ሆነ። ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለርስቱ ይሰፍራል፤ በዚህም ላይ ጉልበቱንና መማለጃውን ይጨምራል። ባለርስቱ ውጣ ባለው ጊዜ የሚያስቀረው ሕግ አልነበረውም። ተበድሎ ወደ ዳኛ ቢሄድ ዳኛው ቋንቋውን አይሰማም፤ በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመንግሥቱ ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ስለ ደነገገ፥ ነገሩን የሚያስረዳለት አስተርጓሚ ነበር። አስተርጓሚው ቢሳሳት ወይም ቢያደላ ገበሬው የሚያውቀው ፍርዱ ከተፈጸመበት በኋላ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ ክርክር አለ፤ ክርክሩም ፍሬ ስላለው ሊሰማ ይገባዋል። በኢትዮጵያ በቆዳ ቀለም የሚለይ ሕግ አልነበረም፤ የአንዱ ወገን ሰው ከሌላው ወገን ይጋባ ነበር፤ ኦሮሞም ጄኔራልና ሚኒስትር ይሆን ነበር፤ የአማራም ጭሰኛና ድኻ ሞልቶ ነበር፤ ስለዚህ የአርሲን ነገር ከደቡብ አፍሪካ ጋር ማመሳሰል አይገባም ይባላል። እውነት ነው፥ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ነገር ግን ሕመም ሁሉ ተስቦ ካልሆነ በቀር አይታከምም የሚል ሐኪም የለም። ሕጉ ሰውን እኩል ነው ብሎ ልማዱ ከደጅ ሲያስቀረው፥ ተበዳዩ የሚቆጥረው የሕጉን ቃል ሳይሆን የደጁን ብርድ ነው። ስለ ጄኔራል ታደሰ የሚተረከውም ይህንኑ ያስረዳል። አንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ጄኔራሉ ኦሮሞ መሆናቸውን ሳያውቅ፥ የኦሮሞን ሕዝብ በፍጥነት ማስተማር ለመንግሥት አይበጅም ብሎ እንደ መከራቸውና ከዚያ ወዲህ በ1956 ዓ.ም. ወደ ማኅበሩ እንደ ገቡ ይነገራል። በወረቀት ላይ ያልተጻፈው ግድግዳ በአንድ ሹም አፍ ተገለጠላቸው።

ማኅበሩ የጠየቀው ምን ነበር? የማንንም ዙፋን አልጠየቀም፤ ልጆቻችን ይማሩ፥ መንገድ ይውጣልን፥ በሽተኛችን ይታከም የሚል ነበር። ገንዘቡንም ራሱ ሊያዋጣ ተነሣ። በጉባኤውም ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድነት ተቀመጡ፤ ይህም ብቻውን የመለያየትን ግድግዳ የሚያፈርስ ሥራ ነበር። ሕገ መንግሥቱም ቢሆን ኢትዮጵያውያን በመብታቸው እንዳይለያዩ፥ ያለ መሣሪያም በሰላም ለመሰብሰብ መብት እንዲኖራቸው የሚል ቃል በግልጥ ነበረበት። ስለዚህ የተሰበሰበው ሕዝብ ሕጉን አላፈረሰም፤ ሕጉ የተናገረውን ቃል እንዲፈጽም ለመነው እንጂ።

ሹማምንቱ ግን ልመናውን እንደ ዐመፅ ቆጠሩት። ማኅበሩ በ1959 ዓ.ም. ታገደ፤ መሪዎቹም በአንድ ሲኒማ ቤት ከፈነዳ ቦምብ ጋር ተያይዘው ተከሰሱ። አቶ ኃይለ ማርያም ገመዳ በእስር በደረሰባቸው ሥቃይ ሞቱ፤ ማሞ መዘምር ተሰቀለ። ጄኔራል ታደሰ በመጀመሪያ ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱም ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠላቸው። ማንዴላን ያስተማሩት ሰው እንደ ማንዴላ እስረኛ ሆኑ። ጄኔራሉ ነገሩ ከከረረ በኋላ ወደ ጦር መሣሪያ ማዘንበላቸው ሊያከራክር ይችላል፤ ነገር ግን የሰላሙን በር አስቀድሞ የዘጋው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ፍርድን ለሚወድ ሁሉ ተገቢ ነው።

በአርሲ የሆነውም የገበሬውን ሥጋት ከንቱ እንዳልነበረ አሳየ። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ ተቋቋመ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ መጣ፥ የስንዴው ምርትም በዛ፤ ድርጅቱ የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር። ነገር ግን የመሬቱ ሕግ ስላልተለወጠ፥ ባለርስቱ የስንዴውን ትርፍ ባየ ጊዜ ትራክተር አምጥቶ ጭሰኛውን አስነሣ። ስለዚህ የጭሰኛው ችግር የእርሻ ዕውቀት ማነስ ብቻ አለመሆኑ ታወቀ፤ በቆመበት መሬት ላይ መብት አለማግኘቱ ነበር። መልካም ሥራ በተዛባ ሥርዐት ላይ ሲሠራ ፍሬውን የሚለቅመው ባለጉልበቱ ነው።

አብዮቱ በፈነዳ ጊዜ ጄኔራሉ ተፈቱ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ የሚያደርገው አዋጅ ወጣ፤ የአርሲም ጭሰኛ ከጭሰኝነት ነጻ ሆነ። ነገር ግን ጄኔራሉ ከአዲሱ መንግሥት ጋር ስላልተስማሙ ሸፍተው ተያዙ፤ አዋጁ ከወጣ አንድ ወር ሳይሞላው፥ በመጋቢት 1967 ዓ.ም. በሞት ተቀጡ። እንዲህ ሆኖ ጭሰኛው መሬቱን ባገኘበት ወራት ጠበቃው ሕይወቱን አጣ። ያስተማሯቸው እንግዳ ግን በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከእስር ወጡ፤ በግንቦት 1986 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ለአሳሪዎቻቸውም ምሕረት አደረጉ።

በመጻሕፍት የሚነበበው የሙሴ ታሪክ ለዚህ ነገር ብርሃን ይሰጣል። ሙሴ በፈርዖን ቤት በክብር አደገ፤ የጡብ ሥራ ያልነካው እርሱ ወደ ወንድሞቹ ወጥቶ መከራቸውን ባያይ ኖሮ በቤተ መንግሥት በሰላም ባረጀ ነበር። ዳሩ ግን ወጥቶ አየ፤ ካየም በኋላ እንዳላየ ሊሆን አልቻለም። ይህ ያው ሙሴ ኢትዮጵያዊት ሴት ባገባ ጊዜ እኅቱ ማርያም ስለ ነቀፈችው በለምጽ ተመታች። ከባርነት ቤት የወጣች ነቢይት እንኳ ሌላውን ወገን ለመናቅ እንደ ተፈተነች ሊቃውንት ያውቃሉ። ተበድሎ መኖር ብቻውን ከበዳይነት አያድንም።

ይህም ለዛሬው ዘመን የተነገረ ያህል ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በነበሩት ቀናት በአርሲ ምድር በልዩ ልዩ ከተሞች ሰዎች በወገናቸውና በእምነታቸው ምክንያት ተገደሉ፥ ቤታቸውና ሱቃቸውም ተቃጠለ። ኢተያ ክርስቲያኑንና እስላሙን በአንድ ጉባኤ ባስቀመጠች በ54ኛው ዓመት ጎረቤት ጎረቤቱን በስሙና በቋንቋው መለየቱ የሚያሳዝን ነው። የትናንቱን በደል ምክንያት አድርጎ የዛሬውን ጎረቤት የሚያጠፋ ሰው ግድግዳውን አላፈረሰም፤ ወደ ሌላ ስፍራ አዛወረው እንጂ። የትናንቱንም በደል መናገር ጠብ መጫር ነው የሚል ሰው እንዲሁ ግድግዳውን ይለስናል እንጂ አያፈርስም። ሁለቱም ስተዋል።

እንግዲህ በሹመት ላይ ያለ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚወስደው ትምህርት ግልጥ ነው። አቤቱታ ዐመፅ አይደለም። በአሰላም ሆነ በጎባ፥ በደብረ ብርሃንም ሆነ በጎንደር፥ ባለጉዳይ ወደ መሥሪያ ቤት በመጣ ጊዜ ስሙን ሰምቶ ወገኑን ከመገመት፥ ቋንቋውን ሰምቶ ፊትን ከማዞር መጠበቅ ያስፈልጋል። ትምህርት ቤት የለመነ ሕዝብ ትምህርት ቤት ቢሰጠው ኖሮ ስንት እስራትና ስንት ደም በቀረ ነበር። ዛሬ የሚቀርበውን ትንሽ ልመና ያልሰማ ሹም ነገ ትልቁን ጩኸት መስማቱ አይቀርም።

ካህናትና ሊቃውንትም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። በመቅደሱ ደጅ ባለጠጋውን ወደ ፊት አቅርቦ ድኻውን ወደ ኋላ መግፋት በሐዋርያት ትምህርት የተነቀፈ ነው። ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ማስተማር፥ ከሌላው እምነት ሽማግሌዎች ጋር በዕርቅ ሸንጎ መቀመጥ፥ በስብከትም ወገንን ከመሳደብ አፍን መግታት፥ ከብዙ ወታደር ይልቅ አገርን ይጠብቃል። በአርሲ ደጋ የቤተ ክርስቲያኑ ደወልና የመስጊዱ አዛን በአንድ ነፋስ የሚሰሙ ናቸውና፥ የአንዱ ሰላም ከሌላው ሰላም ተለይቶ አይገኝም።

በመጨረሻም ያው የአርሲ ደጋ የሰጠው ሌላ ምስክር ሊረሳ አይገባም። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር፥ ከአሰላ በስተደቡብ ባለችው በበቆጂ ምድር ያደገችው ደራርቱ ቱሉ የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ አሸነፈች፤ የወርቅ ሜዳሊያም በማግኘት ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዪቱ ሆነች። ሁለተኛ የወጣችው ነጭዋ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየር ነበረች፤ አገሯም በዘር መለያየት ምክንያት ታግዳ ኖራ ከ32 ዓመት በኋላ ወደ ኦሊምፒክ መመለሷ ነበር። ሁለቱ ተቃቅፈው፥ እጅ ለእጅም ተያይዘው በሜዳው ዙሪያ በሮጡ ጊዜ ዓለም ሁሉ አየ። የገበሬ ልጅ ትማር ዘንድ በኢተያ ሕዝብ ከተሰበሰበ 26 ዓመት ሆኖት ነበር። የዚያው ደጋ የገበሬ ልጅ ያን ቀን እጅዋን የሰጠችው፥ ታደሰ ብሩ ለማንዴላ ሽጉጥ ሰጥተው ሊያፈርሱት በተመኙት ግድግዳ ማዶ ለተወለደች ሴት ነው። በባርሴሎና ለእንግዳ የተዘረጋው እጅ በአርሲም ለጎረቤት ይዘርጋ።